ሰናፍጭ አያድርም

እናቴ መብላት ያቆመችው በአንድ ቀን አይደለም። በአንድ ቀን ብታቆም ኖሮ እንጮህ ነበር፣ ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር፣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ያደርግ ነበር። እሷ ግን ከምግብ የተለየችው ቀስ ብላ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ቁርሱን «ቆየት ብዬ» አለች። ከዚያ እራቱን «ምሳው ከብዶኛል» አለች። ከዚያ ምሳውንም በማንኪያ እያገላበጠች ስታስተውለው ቆየችና ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችው። እናቴ ሳህን ስትገፋ አይቼ አላውቅም። እኔ ያደግኩት ሳህን የሚገፉ ሰዎችን ስትሳደብ እየሰማሁ ነው።

አልጋ ላይ የጣላት ትኩሳት ለቋታል። ሲሄድ ግን ማሽተቷንና መቅመሷን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ሐኪሙ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለን። ይህችን ለማለት ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ዘመን የተማረው።

ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት እንደ ምንም ዋጥ ዋጥ አድርጎ ይኖር ይሆናል። እናቴ ግን የፋብሪካ ሠራተኞች ካፌ ዋና አብሳይ ነበረች። ከበሩ ገና ስትገባ አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ «ሽንኩርቱን ሳታበስሉት ነው ውሃ የደፋችሁበት፣ ማን ነው የቸኮለው?» የምትል ሴት ናት፤ የቸኮለውም ሰው ከምድጃው ጀርባ ይደበቅ ነበር። ከደሞዟም ከስሟም በላይ የምትኮራው በምላሷ ነው። አሁን ያ ምላስ አፏ ውስጥ ተኝቷል። «እርጥብ ካርቶን የምበላ ነው የሚመስለኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ዳቦው ካርቶን፣ ሥጋው ካርቶን፣ ሙዙ ደግሞ ዝናብ የመታው ካርቶን።»

«እማ፣ በሞቴ አንድ ጊዜ ብቻ።»

«በሞትሽ አትበይኝ። የአንዳችን ይበቃል።»

እንዲህ ነው የምንቀልደው እኛ ቤት።

በመጨረሻው ቀጠሮ ሚዛን ላይ አወጧት። ሐኪሙ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ዞሮ «ክብደቷ ከዚህ ከወረደ በሚመጣው ቀጠሮ አስተኝተን በአፍንጫዋ ቱቦ እናስገባለን» አለ። እናቴ ከሚዛኑ ወርዳ ጫማዋን አጠለቀች። ታክሲ ውስጥ ስንገባ ግን መስኮቱን እያየች፣ «የሞተ አፍንጫ ነው ብለው መተላለፊያ ሊያደርጉት ነው» አለች። ቀጥላም ድምፅዋን ሳትቀይር፦ «ስሚኝ። እኔ ስንት ሰው በአፉ ያበላሁ ሴት በቱቦ አልበላም። ያንን ከምታዪ ቅበሪኝ።»

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። «ፊት ፊትህን እይ» አልኩት።

* * *

እኔም የምሠራው እዚያው ካፌ ውስጥ ነው፣ ሳንድዊች ላይ። ዳቦ እሰነጥቃለሁ፣ ቋሊማ እጠብሳለሁ፣ ቢጫውን ሰናፍጭ ከፕላስቲክ ጠርሙሱ እየጨመቅኩ በላዩ ላይ አንድ መስመር አሰምራለሁ። ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል አየር ያስገባና በአንዴ ጯ! ብሎ እፍኝ ሙሉ ይተፋል። አንድ ቀን እንዲያ ተፋብኝ። የተበላሸውን ለደንበኛ አልሰጥም፤ ጠቅልዬ ለራሴ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

እናቴ የገመጠችው አፌን ልታዘጋኝ ብላ ነው። አላመጠች፣ አላመጠች፣ ከዚያ ቆመች። እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

«ምን አለበት?»

ከታመመች ወዲህ ስለ ምግብ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሰናፍጭ ነው፣ እማ።»

«ጣዕም አይደለም የመጣው። የሆነ ነገር ነካ አደረገኝ። እዚህ ጋ።» የምላሷን ዳር በጣቷ ጫፍ አሳየችኝ፣ ሕፃን የታመመ ጥርሱን እንደሚያሳይ።

በማግስቱ ሙሉ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ። በማንኪያ ሰጠኋት። አልሠራም። የፋብሪካ ሰናፍጭ ቢጫነቱ የእርድ ነው፣ ቁጣው ደግሞ የማስታወቂያ ነው፤ የቀረው ኮምጣጤ ነው፣ ኮምጣጤ ደግሞ እሷን ያስመልሳታል። ያን ዕለት የነካት በአንዴ የተተፋው ብዛቱ እንጂ ኃይሉ አልነበረም። አስመለሳት፣ አፏን ጠረግኩላት፣ ተኛች።

እኔ ግን ያቺን «ምን አለበት?» የምትለዋን ጥያቄ ጨብጫታለሁ። አልለቃትም። ከጠርሙሱ የሚብስ ካለ ከፍሬው ይሆናል ብዬ ከሥራ ስወጣ ቅመም ቤት ገባሁና ቢጫ የሰናፍጭ ፍሬ ገዛሁ።

* * *

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ መናገር አለብኝ። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ እህቷ ከታመመች ጀምሮ እኛ ጋ ናት። የምትሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ የሐኪሞቹ መቀሶችና መቆንጠጫዎች በሚቀቀሉበት ክፍል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ስለኖረች ለዓለም ችግር ሁሉ አንድ መልስ ነው ያላት፦ ቀቅዪው። ማንኪያው? ቀቅዪው። ፎጣው? ቀቅዪው። የእናቴን ማበጠሪያ ቀቅላ ጥርሶቹን ሁሉ እንደ ሽማግሌ አጉብጣቸዋለች። እኔ በስሟ ጠርቻት አላውቅም፤ እትዬ ቀቅዪው ነው የምላት። ትስቃለች። መሳቋ ደግነቷ ነው።

ፍሬውን ወቀጥኩት። ሰናፍጭ ለመወቀጥ እሺ አይልም፤ ከዘነዘናው ሥር እየዘለለ ይወጣል፣ ወለሉ ላይ ይንከባለላል፣ ለሳምንት ከጫማሽ ሥር ይንኮሻኮሻል። እንደ ምንም ደቀቀልኝ። ያን ዕለት የከሰዓት ፈረቃ ነበረኝና ዱቄቱን ለአክስቴ ሰጠኋት።

«በውሃ ለውሺው፤ ትንሽ ይቀመጥ፤ ከዚያ ከእንቁላል ጋር ስጫት። ኮምጣጤ እንዳታስገቢ።»

«ለበሽተኛ መስጠት እኔን ታስተምሪኛለሽ እንዴ?» አለች ቀሚሷን ሰብሰብ እያደረገች።

ከመውጣቴ በፊት እናቴን ነገርኳት። መናገር አልነበረብኝም፣ ግን አፌ አያድርም። «እማ፣ ዛሬ ይነካሻል፣ ታያለሽ» አልኳት። እሷም ትራሱን ከጀርባዋ አስተካክላ ቀና አለች።

ሲመሻሽ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። አክስቴ ምድጃው አጠገብ ቆማለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። እናቴ ቀና እንዳለች ናት። ፀጉሯን አስበጥራለች። ለሰናፍጩ ብላ፣ እንግዳ እንደሚመጣባት ሰው፣ ፀጉሯን አስበጥራ ነበር የጠበቀችው። እንቁላሉ ሳህኑ ላይ አንድ ጊዜ ተገምጦ ቀርቷል። ሰናፍጩ ከጎኑ አለ፣ እንደ ግድግዳ ቀለም።

በጣቴ ቀመስኩት። ይመርራል። ሌላ ምንም የለውም። አያቃጥልም፣ አይቆጣም፤ የመረረ ሙጫ ነው።

«ምላሳሟ» አለች እናቴ። ደህና በነበረች ጊዜ የምትጠራኝ በዚህ ነው። «ተስፋ ስጪኝ ብዬሽ ነበር?»

«እማ...»

«መራብ አይደለም የከበደኝ። እሱን ለምጄዋለሁ። መጠበቅ ነው የከበደኝ።» ሳህኑን አንስታ ሰጠችኝ። «ከእንግዲህ ሳህን ይዘሽ እዚህ ክፍል አትግቢ። ሰማሽ? ሳህን ማየት አልፈልግም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋ ላይ አጥንቷ በቀሚሱ ውስጥ ይቆጠራል።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ። እኔ ሰው ፊት አላለቅስም፤ ውሃው ይጩህልኝ ብዬ ነው። እግዜርን ያልኩት ግን ትዝ ይለኛል። «ውሰደኝና እሷን ተዋት» እንኳ አላልኩም፣ ያን ያህል ጥሩ ሰው አይደለሁም። «አንዲት ጉርሻ፣ አንዲት ብቻ» እያልኩ ነበር፣ እንደ ለማኝ። ቀጠሮው ቀርቧል። ቱቦው ቀርቧል። ቱቦውን እንቢ ብትል ደግሞ የሚመጣውን ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ።

* * *

በነጋታው ቅመም ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ባለቤቱ ቦርጫም ሽማግሌ ነው፣ ወንበሩን ደጅ አውጥቶ መንገደኛውን ሁሉ ሲያማ የሚውል።

«ጋሼ፣ የሸጡልኝ ዘር የሞተ ነው!»

«የሞተ?» አለ ተረጋግቶ። «ታዲያ ልቅሶ ልምጣ?»

«ቀልድዎን ለሌላ ያድርጉት! ለበሽተኛ ነው የወሰድኩት። ስንት ዓመት ጆንያ ውስጥ ያደረ ነገር ነው ለሰው የሚሸጡት? አያቃጥልም! አመድ ነው!»

መንገዱ ላይ ሰው ቆም ቆም አለ። ሽማግሌው ከጆንያው ጥቂት ፍሬ ቆነጠረና መዳፌ ላይ አኖረልኝ።

«አኝኪ።»

«አላኝክም።»

«አኝኪና ከዚያ ስደቢኝ። የስድብሽን ጊዜ አልነካብሽም።»

በጥርሴ አደቀቅኩት። ምንም። «ይኸው!» ልለው አፌን ከፈትኩ። መረረኝ። ከዚያ፣ እየቆየ፣ ከምላሴ ዳር ተነስቶ እሳቱ ወደ ጉሮሮዬ ወረደ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አስሎኝ ሳስል የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ ሽማግሌው። «ሟቹ ተነስቷል።»

ስድብ ጠፍቶኝ የማውቀው ያን ዕለት ብቻ ነው። እያሳለኝ፣ እንባዬን እየጠረግኩ ወደ ቤት ሄድኩ፤ መንገዱን በሙሉ ግን ጭንቅላቴ ይወቅጣል። ፍሬው ደህና ነው። አፌ ውስጥ ምን አገኘ? ምራቅ። ጥርስ። ትንሽ ጊዜ። እኛ ቤትስ ምን አገኘ? መወቀጡን ተወቅጧል። ተቀምጧል። ውሃም...

በሩን ስከፍት አክስቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። አፉ እየተነፈሰ፣ ክዳኑ እየዘለለ። እኔም እዚያው ደፉ ላይ ክው አልኩ።

«አክስቴ፣ ሰናፍጩን በምን ውሃ ነው የለወስሽው?»

«በምን ውሃ ትላለች እንዴ! በፈላ ነዋ። በሽተኛን የቧንቧ ውሃ ላጠጣልሽ?»

«አቀዝቅዘሽው?»

«ለምን ብዬ አቀዘቅዛለሁ? ከእሳት እንደወረደ። ተህዋሲያን በሙቅ ነው የሚሞተው።»

«ተህዋሲያኑ ብቻ አይደለም የሞተው!»

አላመነችኝም፤ እኔም ራሴን አላመንኩትም። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አወጣሁ። ከቀረው ፍሬ ትንሽ ወቅጬ በሁለቱም እኩል ጨመርኩ። በአንዱ ከማንቆርቆሪያው፣ በሌላው ከቧንቧው። ተፋጠን ቁጭ አልን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢጫ ናቸው፤ ዓይን አይለያቸውም። ትንሽ ቆይተን ማንኪያ አስያዝኳት። የፈላውን ቀመሰች፣ ከንፈሯን ጣል አደረገች። ቀዝቃዛውን ቀመሰች። ማንኪያውን ደግማ ነከረች። ከዚያ አፏን በመዳፏ አፍና ወደ ቧንቧው ሮጠች።

ስትመለስ ዓይኗ ደም መስሏል። የሰናፍጩ ብቻ አልነበረም።

«እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች። «አበጥሪኝ ብላ ፀጉሯን ያበጠርኳት እኔ። ጠብቃ ጠብቃ... በገዛ እጄ።»

አንጀቴ አርሮ ስለነበር የሚቆርጥ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ባልዲ ላይ ቁጭ ስትል አየኋት። እጆቿ ከእንፋሎቱ ብዛት ቆዳቸው የተላጠ ነው። ዋጥኩት። እኔ ቃል መዋጥ እንዴት እንደሚያቃጥል የማውቅ ሰው ነኝ።

«ውሃውን አፍዪው» አልኳት። «ፍላቱ ያንቺ ይሁን። ከዚያ ግን መስኮት ላይ አስቀምጪው፣ እንደ ድንጋይ እስኪቀዘቅዝ። የኔ ድርሻ መቀዝቀዙ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ክዳኑን እንደከደንኩት?»

«እንደከደንሽው፣ እትዬ ቀቅዪው።»

* * *

የቀረው ችግር በሩ ነበር። ሳህን ይዘሽ አትግቢ ተብያለሁ፤ የእናቴ ቃል ደግሞ ቃል ነው፤ ካፌው ውስጥ አንዴ «ውጣ» ያለችው ሰው ተመልሶ ገብቶ አያውቅም። ስለዚህ ሳህን አልያዝኩም። ሙቀጫውን ታቅፌ ገባሁ።

ዘወር አለች። «ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው? ልትወቅጪኝ?»

«ሳህን ነው የከለከልሽው። ይሄ ሳህን ነው?»

ወለሉ ላይ ተቀምጬ አልጋዋ ሥር ወቀጥኩ። ፍሬው እየዘለለ አንሶላዋ ላይ ወጣ። እሷ አንዷን አንስታ በጣቶቿ መካከል አሽከረከረቻት፤ ለማሽተት ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና እጇ መንገድ ላይ ቀረ፣ መልሳ አስቀመጠቻት። አየሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ቀዝቃዛውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ለወስኩት። አክስቴ በር ላይ ቆማለች፣ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ይዛ። ሳህን የለማ።

«ታዲያ?» አለች እናቴ።

«እንጠብቃለን።»

«እስከ ምን?»

«እስኪቆጣ።»

«ባንቺ ከወጣ ብዙ አያቆየንም።»

ጠበቅን። እንዲህ ያለ መጠበቅ አላውቅም። ሦስታችን አንዲት እፍኝ የማትሞላ ቢጫ ነገር ከበን፣ ሐኪም ከውስጥ ወጥቶ ወሬ እስኪነግረን እንደምንጠብቅ። እናቴ ዓይኗን ከሙቀጫው አልነቀለችም፤ ፊቷ ላይ ግን ምንም እንዳይታይባት እየታገለች ነበር። ይህም ከከሸፈ ሌላ የማመጣላት ነገር የለኝም። እሷም ታውቃለች። ተስፋ አድርጋ እንደሆነ እንዳላውቅባት ነው የምትታገለው።

ድንቹን ቆርሼ ሰናፍጩን ወፈር አድርጌ ቀባሁት። አፏ ውስጥ አደረግኩላት።

አላመጠች። ምንም። አላመጠች። አክስቴ በር ላይ ትንፋሿን ስትውጥ ሰማሁ። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች፤ እኔም ጨፈንኩ፤ ማየት አልቻልኩማ።

«ውይ!»

ዓይኔን ስገልጥ ፊቷ ቀልቷል። እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ይወርዳል። «ውይ! ውይ! አንቺ ርጉም ልጅ! ምንድን ነው ያስገባሽብኝ!» እያለች ከፊቷ ያለውን አየር በእጇ ትቀዝፋለች። አክስቴ ውሃ ልታመጣ ስትሮጥ «ተይ!» ብላ ጮኸችባት። ዋጠች። አፏን ከፍታ እንደ ሮጠ ሰው ተነፈሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ጨምሪ።»

የድንቹን ግማሽ በላች። እያለቀሰች፣ እየሰደበችኝ፣ አፍንጫዋን በአንሶላው እየጠረገች። ስትጨርስ ወደ ኋላ ተደገፈችና ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«እንዳትሸወጂ። ጣዕም የለውም። ያው ካርቶን ነው፣ የሚነድ ካርቶን። የተመለሰልኝ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«አፌ ቦታው ላይ እንዳለ ብቻ ነው ያወቅኩት።» የቀረውን ድንች በጣቷ ጫን አደረገችው። «ድንቹን ማን ነው የቀቀለው?»

ወደ በሩ ዞርኩ።

«እኔ ነኝ፣ እህትዓለም» አለች አክስቴ ከበሩ።

«ከልክ በላይ አብስለሽዋል። ምላሴ ሞተ እንጂ ጥርሴ አልሞተም። ድንች እንደ መቀስ አይቀቀልም።»

አክስቴ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ወጣች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ እስካሁን አልጠየቅኳትም።

* * *

የቀረውን ሰናፍጭ ከድኜ አሳደርኩት። ጠዋት ስቀምሰው ሞቷል። ኮምጣጤ ቢገባበት ቁጣው ይቆይለት ነበር፤ ኮምጣጤ ደግሞ ለእሷ አይሆንም። ያለ ኮምጣጤ ሰናፍጭ አያድርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምግብ እንደ አዲስ መወቀጥ አለበት፤ ለቁርስ፣ ለምሳ፣ ለእራት። ምሳውን ከካፌው እየሮጥኩ መጥቼ እወቅጣለሁ፣ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደነደነ። አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ ገምጣ ይበቃኛል ትላለች፤ ያን ጊዜ ሙቀጫውን በመስኮት ብወረውረው ደስ ይለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ትጨርሳለች። ምክንያቱን አትነግረኝም።

ቀጠሮው ደረሰ። ሚዛኑ ላይ ወጣች። እኔና አክስቴ እጅ ለእጅ ተያይዘን የሚዛኑ መርፌ ላይ አፈጠጥን፣ በዓይናችን ልንገፋው። ክብደቷ አልጨመረም። አልወረደምም። ሐኪሙ ወረቀቱን አገላብጦ «እስከሚመጣው ቀጠሮ እንጠብቅ» አለ። ምን እንደምትበላ ጠየቃት። «እሳት» አለችው። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ያን ዕለት ማታ ግን እኔ አለቀልኝ። የሌላ ሰው ፈረቃ ሁሉ ሸፍኜ ነበር የገባሁት። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ሙቀጫው ከፊቴ ነው፣ ፍሬው ከጎኑ ነው፣ የቀዘቀዘው ውሃ መስኮት ላይ ተከድኖ ይጠብቀኛል፤ እጄ ግን አልነሳም አለኝ። አልጨመረም። ያ ሁሉ ውቀጣ፣ አልጨመረም። እስከ መቼ ነው? ሰው በምሬትና በቃጠሎ ብቻ ስንት ጊዜ ይኖራል? ዛሬን ባልፈው ብዬ አሰብኩ። አንድ እራት ነው። ብትጠይቀኝ፣ አለቀ፣ ቅመም ቤቱ ተዘግቷል እላታለሁ። ደግሞ አትጠይቅም። ጠይቃ አታውቅም። ሁልጊዜ እኔ ነኝ እየወቀጥኩ የምገባው።

ከመኝታ ክፍሉ አንሶላው ሲንሿሿ ተሰማኝ።

«ምላሳሟ!»

ሙቀጫውን በእግሬ ገፋ አደረግኩት።

«አንቺ! ዛሬ ምነው ሙቀጫው ጠፋ? እኔ እዚህ እርቦኝ...» ቃሉ አፏ ላይ እንደያዛት ቆም አለች። ከዚያ እንደ ድሮዋ፣ ካፌው ውስጥ ሰው ከምድጃ ጀርባ የሚያስደብቀውን ድምፅዋን አወጣች። «...ቁጭ ብያለሁ እኮ! ማን ሞተ ብለሽ ነው ዝም የምትይው?»

ዘነዘናውን አነሳሁ።